ለጎረምሳ ልጅ ያገለገለ የስፖርት መኪና ስለ መምረጥ

በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ፥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደው ወይም በሕፃንነታቸው ሄደው ያደጉ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም 16 ወይም 17 ዓመት በሞላ ጊዜ ከአባትና ከእናት የሚለምኑት የመጀመሪያው ትልቅ ነገር መኪና ነው። የሚለምኑትም ማናቸውንም መኪና አይደለም፤ ቁመቱ ዝቅ ያለውን፥ መልኩ ያማረውን፥ የስፖርት መኪና የሚባለውን ነው እንጂ። ወላጆች ገንዘቡን ያስባሉ፤ ከገንዘቡም ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣቸው የልጃቸው ሕይወት ነው። እዚህ አገር ያሉትም አያቶችና አጎቶች ገንዘብና ምክር እንዲያዋጡ ስለሚጠየቁ፥ ነገሩ የብዙ አንባቢዎቻችንን ቤት የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋል። ስለዚህም በዚህ ሳምንት የቤተ ሰብ ገጻችን ጥቂት እንናገርበታለን። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አንዳንድ አባት ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል፤ «የስፖርት መኪና በደጄ አይቆምም» ይላል። ይህን መናገር የአባትነት ሥልጣኑ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ልጁ መኪና ባይኖረው በቤት ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ ከጓደኛው መኪና ገብቶ በጋቢና ይቀመጣል። ያንን መኪና የመረጠው ሌላ ሰው ነው፤ ጎማውንና ፍሬኑን ማን እንዳየው አይታወቅም፤ የሚነዳውም ያው የ17 ዓመት ልጅ ነው። እንግዲህ በመከልከል የሚገኘው ጸጥታ ለዓይን እንጂ ለልብ የሚያሳርፍ አይደለም። እኛ የሚሻል የሚመስለን፥ ልጁ የሚወደውን ነገር ከሚገድለው ነገር ለይቶ፥ የሚወደውን ሰጥቶ የሚገድለውን መንሣት ነው። ይህም የሚቻል መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

በመጀመሪያ አደጋው እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ያሻል። በአሜሪካ የተደረገው ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በተጓዙት መንገድ ርዝመት ልክ ሲታሰብ፥ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉት ነጂዎች ሰው በሚሞትበት አደጋ ውስጥ የሚገቡት 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነጂዎች ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ይህም የሚሆነው ልጆቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም። ዓይናቸው ከእኛ ዓይን ይልቅ ያያል፤ እጃቸውም ይፈጥናል፤ የሚጎድላቸው መንገድ ላይ የሚመጣውን ነገር ሳይመጣ ማወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ በዘመን ብዛት እንጂ በትምህርት ብቻ አይገኝም። በሌሊት ሲነዱና እኩዮቻቸውን ጭነው ሲሄዱ አደጋው ይብሳል።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፥ የስፖርት መኪና በሚለው ስም ውስጥ የተቀላቀሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው መልኩ ነው፤ ሁለተኛው መሪውን ሲያዞሩት ቶሎ የሚታዘዝ፥ በጥምዝ መንገድ ላይ የማይወዛወዝ መሆኑ ነው፤ ሦስተኛው የሞተሩ ኃይል ነው። ልጁ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ጓደኞቹ የሚያዩለት የመጀመሪያውን ነው። በመንዳት ደስ የሚያሰኘው፥ ነጂነትንም የሚያስተምረው ሁለተኛው ነው። ለሞት የሚያደርሰው ግን ሦስተኛው ነው። ሻጮች ሦስቱን አንድ አድርገው ይሸጣሉ፤ ገዢ ግን ለያይቶ ለመግዛት ይችላል።

የሞተር ኃይል በፈረስ ጉልበት ይቈጠራል። ነገር ግን የፈረሱ ቍጥር ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ፈረስ ስንት ኪሎ ይጎትታል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ማዝዳ 3 የተባለው መኪና የ2014 ሞዴሉ ትንሹ ሞተር 155 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የመኪናውም ክብደት ወደ 1,300 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ለአንድ ፈረስ ከ8 ኪሎ በላይ ይደርሰዋል። ሃዩንዳይ ቬሎስተር የተባለው፥ በነጂው በኩል አንድ በር በሌላው በኩል ሁለት በር ያለው፥ መልኩ እጅግ የስፖርት የሆነ መኪና በ2012 ሲወጣ ተርቦ የሌለው ሞተሩ 138 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። መልኩን ያየ ሰው ይህን ያህል ትንሽ ነው ብሎ አይጠረጥርም፤ ይህም ለወላጅ መልካም ነገር ነው። ከዚህ ወዲያ ሳያን ኤፍ አር ኤስ የተባለው፥ ኋላ ጎማው የሚገፋ ባለ ሁለት በር መኪና፥ 200 የፈረስ ጉልበት ይዞ ክብደቱ 1,250 ኪሎ ያህል ስለ ሆነ ለአንድ ፈረስ የሚደርሰው 6 ኪሎ ከጥቂት ነው። ይህ ለሠለጠነ ነጂ የሚያስደስት፥ ለጀማሪ ግን የሚቸኩል መኪና ነው።

አሁን አንድ የምናውቃቸውን አባት ነገር እንናገር። ልጃቸው ፎርድ ሙስታንግ ካልሆነ ብሎ ቢያስቸግራቸው፥ ሻጩም «ይህ እኮ ትንሹ ሞተር ነው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር አይደለም፤ ባለ ስድስት ነው» ቢላቸው፥ ነገሩ የሚስማማ መስሏቸው ቀብድ ሊከፍሉ ደርሰው ነበር። የሻጩ ቃል ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በ2011 ሞዴል የሙስታንግ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር 305 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ ለአንድ ፈረስ የሚደርሰው ክብደት 5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ሙስታንግ ማለት በአሜሪካ ምዕራብ አገር በሜዳ የሚኖር ያልተገራ ፈረስ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልተሳሳቱም። አባቶቻችን ልጅ ኮርቻ ሲያስለምዱ በሠጋር በቅሎ ጀምረው፥ እግሩ እርካብ እጁም ልጓም ሲያውቅ ወደ ፈረስ ያሸጋግሩት ነበር እንጂ፥ ለጉግስ የተቀለበውን ፈረስ በመጀመሪያው ቀን ማን ያስይዘው ነበር? እኒያ አባትም ክብደቱንና ኃይሉን በወረቀት አካፍለው ካዩት በኋላ ቀብዱን ሳይከፍሉ ቀሩ።

እኛ እንደ ልክ አድርገን የምናቀርበው፥ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ፈረስ 8 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚደርሰውን መኪና መፈለግ ነው። ይህ የራሳችን ግምት እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም። ሆኖም የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1959 ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም ለጎረምሶች የሚሆኑ ያገለገሉ መኪናዎችን ዝርዝር ኮንስዩመር ሪፖርትስ ከተባለው የሸማቾች ድርጅት ጋራ ሲያወጣ፥ ኃይላቸው የበዛውንም መጠናቸው እጅግ ያነሰውንም ከዝርዝሩ ያስወጣል። ማዝዳ 3 በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ተደጋግሞ የሚገኝ ነው፤ ሲነዱትም መሪው ሕያው የሆነ መኪና ነውና ልጁ እንደ ተታለለ አይቈጥረውም።

ከሁሉ በላይ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል የሚባለው፥ የመኪናውን አካሄድ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። ነጂው ከልክ በላይ ፈጥኖ በጥምዝ መንገድ ሲገባ፥ ወይም አስፋልቱ በዝናብና በበረዶ ሲያንሸራትት፥ መሪው ወደ አንድ ወገን ዞሮ ሳለ መኪናው ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል። መሣሪያው ይህን ልዩነት ወዲያው ያውቅና ከአራቱ ጎማዎች የሚያስፈልገውን ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዝበታል፤ የሞተሩንም ኃይል ይቀንሳል፤ መኪናውንም ወደ ታሰበው መንገድ ለመመለስ ይታገላል። የሰው እግር አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን ለመያዝ አይችልምና፥ ይህን ሥራ የቱንም ያህል የሠለጠነ ነጂ ሊሠራው አይችልም። ከላይ ያነሣነው ተቋም እንደ መረመረው፥ አንድ መኪና ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ ሰው የሚሞትበትን አደጋ ይህ መሣሪያ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። የአሜሪካ መንግሥትም ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ እንዲገባ በሕግ አዘዘ። ከዚያ በፊት በአንዳንዱ ነበረ፥ በአንዳንዱም በተጨማሪ ዋጋ የሚገባ ስለ ነበረ፥ ከ2012 ሞዴል ወዲህ ያለውን መግዛት ጭቅጭቁን ሁሉ ያቀላል። ነገር ግን የስፖርት መኪናዎች ይህን መሣሪያ የሚያጠፋ አዝራር ያላቸው መሆኑን ወላጅ ይወቅ። አዝራሩ የት እንዳለ ልጁ ከጓደኞቹ ከሚማረው፥ ከአባቱ ቢማረውና የማይነካበትንም ምክንያት አብሮ ቢሰማው ይሻላል።

ስለ ማዝዳ ሚያታ የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸውና ጥቂት ዘግየት ብለን እንናገርባት። ይህች ባለ ሁለት ወንበር፥ ጣራዋ የሚገለጥ ትንሽ መኪና በ1989 በቺካጎ የመኪና ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየች፤ በ2016ም አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። ኃይሏ ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያዪቱ በአሜሪካ የተሸጠችው 116 የፈረስ ጉልበት ነበራት። በመሪዋ መታዘዝና በዋጋዋ ልከኝነት ብዙ ሰው ይወዳታል። ከዚህም በቀር ወንበሯ ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ልጁ አራት ጓደኛ ጭኖ ሊሄድባት አይችልም፤ ይህንም ብልህ እናቶች ወዲያው ያስተውሉታል። ምክንያቱ መልካም ነው፤ እኛም ሳንጠራጠር ያለፍነው አይደለም። ነገር ግን ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ብዙ የማይርቅ መኪና፥ በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ከ2,000 ኪሎ ከሚበልጥ የጭነት ፒካፕ ጋራ ስትጋጭ፥ የክብደቱ ልዩነት በትንሽቱ ላይ ይወድቃል። ይህን የፍጥረት ሕግ የትኛውም መሐንዲስ አልሻረውም። ስለዚህ ሚያታን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ዓመት እንድታቆዩአት እንመክራለን፤ የተወደደች ነገር ብትዘገይ አትረክስም።

ስለ ገንዘብ፥ ያለውን ሁሉ ለመኪናው ዋጋ መክፈል ትልቅ ጥፋት ነው። 10,000 ዶላር ያዘጋጀ ቤተ ሰብ ከ7,500 የማይበልጥ መኪና ቢፈልግ፥ የቀረው ለግብርና ለምዝገባ፥ ለጎማ፥ ለፍሬን ሸራና ለኢንሹራንስ ይሆናል። ጎረምሳ በቤተ ሰብ ኢንሹራንስ ውስጥ ሲጻፍ ክፍያው በብዙ ይጨምራል፤ የጭማሪውም ልክ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የሁለቱን ወይም የሦስቱን የታሰቡ መኪናዎች የሻንሲ ቍጥር ለኢንሹራንስ ኩባንያው ሰጥቶ የእያንዳንዱን ዋጋ ማስነገር ያስፈልጋል። ርካሽ መስሎ የታየው መኪና በኢንሹራንሱ ከሁሉ የከበደ ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ያገለገለ የስፖርት መኪና ከሌላው ያገለገለ መኪና የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ከዚህ በፊት የነዳው ማን ነበር? ብዙውን ጊዜ ሌላ ጎረምሳ ነው። አንድ አረጋዊ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የነዱት የስፖርት መኪና ቢገኝ መልካም ነው፤ አይጠፋምም፤ ነገር ግን በዚህ ተስፋ ገንዘብ አይከፈልም። ሞላው ተቈርጦ ወይም ተለውጦ ቁመቱ ዝቅ የተደረገ፥ ማርሚታው ለጩኸት ሲባል የተለወጠ፥ ሞተሩ ላይ ፋብሪካው ያላደረገው ተርቦ የተጨመረበት መኪና ከሆነ፥ ልጁ ቢወደውም ወላጅ ሳይከራከር ይለፈው። አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ከሆኑ ባለቤቱ ገንዘብ ያልነበረው ወይም ያላሰበበት ሰው ነው። በጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቍጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓ. ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለሞቃት ወራት ብቻ የተሠራ ጎማ ደግሞ በዋሽንግተን አካባቢ በጥርና በየካቲት ብርድ ሲደርቅ አስፋልቱን አይዝም፤ በስፖርት መኪና ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸው ነው።

የእጅ ማርሽ ያለው ከሆነ ፍሪሲዮኑን በዚህ መንገድ መፈተን ይቻላል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እየሄዱ ነዳጁን በኃይል መርገጥ ነው፤ ሞተሩ ጮኾ መኪናው ግን ባይፈጥን ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ድምፅ ቢሰማ ካምቢዮው በግዴለሽ እጅ ኖሯል። በመሠረቱ የእጅ ማርሽን ለጎረምሳ አንጠላም፤ ሁለቱንም እጅ ሥራ ስለሚያስይዝ ለስልክ የሚተርፍ እጅ የለም፤ ጓደኞቹም አብዛኞቹ መንዳት ስለማያውቁት «አውሰኝ» አይሉትም። ብቻ ልጁ በተማረበት ማርሽ ላይ ሌላ ማርሽ ሲጨመርበት የሚለማመድበት ጊዜ ይፈልጋል።

በቨርጂኒያ መኪና ሁሉ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ይደረግለታል፤ እንደ እኛ አገር ቦሎ ማለት ነው። በሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲለውጥ ይመረመራል። ይህ ምርመራ ፍሬኑና መብራቱ መሥራቱን ይመሰክራል እንጂ፥ መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነ ወይም ጎርፍ የገባበት መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ ሻጩ የማያውቀው፥ እናንተ የምትከፍሉት መካኒክ መኪናውን አንሥቶ ከሥሩ ይየው። ሻጩ «የእኔ መካኒክ አይቶታል» ብሎ ይህን ከከለከለ መልሱ ተገኝቷል፤ ወደ ሌላ መሄድ ነው። የጎርፍ መኪና የሚታወቀው በሽታው ነው፤ ምንጣፉን ገልጦ፥ የወንበሩን ብሎን ዝገት፥ መለዋወጫው ጎማ የሚቀመጥበትንም ጎድጓዳ ማየት ያሻል። በነጋዴ ዘንድ በቆመው መኪና መስኮት ላይ የገዢዎች መምሪያ የሚባል ወረቀት በሕግ ይለጠፋል፤ በእርሱ ላይ «እንዳለ» የሚል ምልክት ካለ ከተሸጠ በኋላ ነጋዴው ለጉድለቱ አልጠየቅም ማለቱ ነውና ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ቀጥሎም 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቍጥር በአሜሪካ መንግሥት የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የኢንተርኔት ገጽ ላይ ማስገባት ነው፤ ዋጋ አይከፈልበትም። ፋብሪካው ለጥገና የጠራው ሆኖ ሳይጠገን የቀረ ጉድለት ካለ ይታያል፤ ጥገናውም በነፃ ነው። ይህን ነገር የምናጸናበት ምክንያት አለን። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ መንፊያዎች፥ በውስጣቸው ያለው ቅመም በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽቶ፥ በግጭት ጊዜ ብረቱን እየሰነጠቀ ነጂውን በፍንጣሪ ሲገድል ተገኘ። በአሜሪካ ለጥገና የተጠሩት 67 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ ከ2012 በፊት የተሠሩ ብዙ ዓይነት መኪናዎች፥ ከዚያ ወዲህም የተሠሩ አንዳንዶች አሉባቸው። ልጁን ሊያድን የገባው ከረጢት ገዳዩ እንዳይሆን፥ ይህን የአምስት ደቂቃ ሥራ ማንም ወላጅ ባይተወው እንወዳለን።

ስለ ስርቆትም አንድ ቃል እንጨምር። ከላይ ያመሰገንነው ቬሎስተርና ሌሎች ከ2022 በፊት የተሠሩ በቁልፍ የሚነሡ የሃዩንዳይና የኪያ መኪናዎች አብዛኞቹ፥ ያለ ቁልፍ እንዳይነሣ ሞተሩን የሚከለክል መሣሪያ አልነበራቸውም። ከ2021 ወዲህ ሌቦች ይህን ዐውቀው፥ ልጆችም በኢንተርኔት እያዩ፥ በብዙ ከተማዎች ሰረቋቸው፤ አንዳንድ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም አንቀበልም እስከ ማለት ደረሱ። ፋብሪካዎቹ በ2023 ማስተካከያ መስጠት ጀመሩ። እንግዲህ ቬሎስተር የሚገዛ ሰው በአዝራር የሚነሣውን ይምረጥ፤ ወይም ማስተካከያው የተደረገለት መሆኑን በወረቀት ይይ።

መኪናው ተገዝቶ ደጅ ከቆመ በኋላ ወላጆች ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዳለቀ አድርገው ይቈጥሩታል። ሕጉ ግን ገና ነው። በሜሪላንድ ልጁ በ15 ዓመት ከ9 ወር የመለማመጃ ፈቃድ ተቀብሎ፥ ከአዋቂ ነጂ ጋራ 60 ሰዓት፥ ከዚያም ውስጥ 10ሩን በሌሊት ሳይነዳ በ16 ዓመት ከ6 ወር የሚሰጠውን ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ አያገኝም፤ በቨርጂኒያ 45 ሰዓት ነው፤ 15ቱም ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። በቨርጂኒያ 18 ዓመት ያልሞላው ነጂ በመጀመሪያው ዓመት ከቤተ ሰቡ ሌላ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ከአንድ በላይ አይጭንም፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት በእኛ አቈጣጠር፥ ከተወሰነ ምክንያት በቀር አይነዳም። ብዙ ወላጅ እነዚህን ሰዓቶች የቤቱን ትልቅ መኪና አስይዞ ይፈጽምና፥ ልጁ የስፖርቱን መኪና ለብቻው በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። ልምምዱ በሚነዳው በዚያው መኪና ቢሆን ይገባል። መኪናው ቢዘገይም፥ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ እንኳ አባት ወይም እናት ጥቂት ሳምንት በጋቢና ቢቀመጡ ልጁን ማሳነስ አይደለም።

ዝናብ በጣለበት እሑድ ጧት፥ ሰፊና ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ፥ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬኑን ባለው ኃይል ሁሉ እንዲረግጥ እዘዙት። መርገጫው ከእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅም ይሰማል። ልጆች ሁሉ በመጀመሪያው ጊዜ የተሰበረ ነገር ያለ መስሏቸው ደንግጠው እግራቸውን ያነሣሉ። ይህ ጎማው እንዳይታገድ መሣሪያው ሲሠራ ነውና፥ እግሩን ሳያነሣ መኪናው ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ረግጦ መቈየትን እስኪለምድ አምስት ጊዜ ወይም ስድስት ጊዜ ይደግመው።